የዱሮ ድራም ልባስ ሲላጥና እንጨቱ ሲታደስ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከሉድዊግ፣ ከስሊንገርላንድና ከግሬች ፋብሪካዎች የወጡ ድራሞች አብዛኞቹ የእንጨት ቀፏቸው በሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ልባስ የተሸፈነ ነው። ይህ ልባስ ከጊዜ ብዛት ሲሰነጠቅ፣ ወደ ቢጫ ሲያደላ ወይም ከመጋጠሚያው ላይ ሲነሣ፣ ባለቤቱ ልጦት ከሥሩ ያለውን እንጨት በቫርኒሽ ማሳመር ያምረዋል። ሥራው በጥቂት መሣሪያ እቤት ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ሆኖም እዚህ የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ አንዴ ከተፈጸሙ የማይመለሱ ስለሆኑ፣ ካቻቢቴው ከመነሣቱ በፊት ሊታሰብባቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ስህተት ሊተርፍ የሚችለውን ልባስ መላጥ ነው። የቢትልስ ቡድን ድራም መቺ ሪንጎ ስታር እ.ኤ.አ. በ1963 ለንደን ውስጥ የገዛው ሉድዊግ ድራም ብላክ ኦይስተር ፐርል የሚባል ልባስ ነበረው። እንዲህ ያሉ የዘመኑ ልባሶች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ በመሆናቸው፣ ልባሱ የተላጠ ድራም የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ጉዳቱ የመጋጠሚያው መነሣት ብቻ ከሆነ ሙጫ ቀብቶ በሞርሳ አጥብቆ ማሳደር ይበቃል። እኔ እንዲላጥ የምመክረው ልባሱ በብዙ ቦታ የተሰነጠቀበትን፣ የጎደለበትን ወይም ቀደም ሲል ሌላ ሰው የቀየረበትን ድራም ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከልባሱ ሥር ያማረ እንጨት ይጠብቀኛል ብሎ ማሰብ ነው። የዘመኑ የሉድዊግ ቀፎ ባለ ሦስት ንጣፍ ኮምፔንሳቶ ሲሆን፣ መካከለኛው ንጣፍ ፖፕላር፣ የውስጡና የውጩ ደግሞ ማሆጋኒ ወይም ሜፕል ነው። ለልባስ የታሰበ ቀፎ ማንም የማያየው በመሆኑ ፋብሪካው ለመልኩ አይጨነቅም ነበር፤ ስለዚህ ከሥሩ ስቱኮ የተሞላ ስንጥቅ፣ ያልገጠመ የንጣፍ ጠርዝና የቀለም ልዩነት ማግኘት የተለመደ ነው። እንደ አገራችን ከበሮ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ አካል አይደለም። እንጨቱ አላምር ካለ ድፍን ቀለም መቀባት ወይም አዲስ ልባስ ማልበስ አያሳፍርም።

ብረቶቹን ሲፈቱ ሳይመዘግቡ መፍታትም ብዙ ጣጣ ያመጣል። እያንዳንዱ የቡሎን መያዣ (ቆዳውን የሚወጥረው ቡሎን የሚታሰርበት፣ ቀፎው ላይ ያለ ብረት) ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ በፕላስተር ቁራጭ ላይ ተጽፎ ከነቡሎኑ፣ ከነሮንዴላውና ከውስጡ ካለችው ሞላ ጋር በየከረጢቱ ይቀመጥ። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የፋብሪካው ስም ያለበት የብረት ምልክት ነው። ምልክቱ በአየር መውጫው ቀዳዳ በኩል በምታልፍ ትንሽ የብረት ቱቦ ተቆልፎ የተያዘ በመሆኑ፣ ከውጭ በካቻቢቴ የሚፈነቅለው ሰው ምልክቱን አጣሞ ያወጣዋል። ከውስጥ በኩል የተቀለበሰውን የቱቦ ጠርዝ ቀስ በቀስ ቆርጦ ወደ ውጭ መግፋትና በኋላ አዲስ ቱቦ መግጠም ይሻላል።

አደገኛው ስህተት ግን ሙቀት ላይ የሚፈጸመው ነው። ከዱሮዎቹ ልባሶች ብዙዎቹ ከሴሉሎይድ የተሠሩ ናቸው፤ ይህም የጥንቱ የሲኒማ ፊልም ይሠራበት የነበረው፣ በቀላሉ ተቀጣጥሎ በፍጥነት የሚነድ ነገር ነው። በመሆኑም ነበልባል ፈጽሞ ሊቀርበው አይገባም፤ ቀለም ለማስለቀቅ የሚያገለግለው ኃይለኛ የሙቅ አየር መሣሪያም እንዲሁ። ተራ የጸጉር ማድረቂያ አንድ ቦታ ላይ ሳያቆሙ እያንቀሳቀሱ ቢጠቀሙበት ሙጫውን ለማላላት ይበቃል። ሙቀቱን ፈርተው ወደ አሴቶን የሚሄዱም አሉ። አሴቶን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ የሚገኘው ፈሳሽ፣ ሴሉሎይድን ራሱን ያሟሟዋል፤ የቀለጠው ልባስም ባለቀለም ዝቃጭ ሆኖ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ በምንም አይወጣም። አሴቶን የሚያስፈልገው ልባሱ ሙሉ በሙሉ ከተነሣ በኋላ፣ የተረፈውን ሙጫ በጨርቅ ለመጥረግ ነው፤ ያም መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት ይሁን።

የመላጡ ሂደት ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። የመጀመሪያዬ የ13 ኢንች ቶም (መካከለኛ መጠን ያለው ድራም) ላይ ግማሹ ልባስ በቀላሉ ስለወጣልኝ ተደፋፍሬ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ሳብኩት፤ ከልባሱ ጋር የጣት ርዝመት ያለው የማሆጋኒ ስንጣሪ ተነሥቶ መጣ። ቦታው ዛሬም በስቱኮ ተደፍኖ ከቡሎን መያዣ ሥር ተደብቋል። ልባሱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላው ታጥፎ፣ ከቀፎው ጋር ተጠግቶ፣ በእንጨቱ ጭረት፣ ማለትም ቃጫው በተዘረጋበት አቅጣጫ መሳብ አለበት፤ በተጣበቀበት ቦታ ላይ ደግሞ ጠርዙ የደነዘዘ ስፓቱላ ከሥሩ እየተገባ ይታገዝ። በአንዳንድ ቀፎዎች ላይ የልባሱ ጫፍ በውጩ ንጣፍ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ የተጣበቀ በመሆኑ፣ እዚያ ሲደርሱ መሳቡን አቁሞ ልባሱን በስለት ከመጋጠሚያው ጋር እኩል መቁረጥ ይገባል።

በማለስለሱ ሥራ ላይ ዋናው ጥፋት ማሽን ነው። የውጩ ንጣፍ እጅግ ስስ ስለሆነ፣ በማሽን የሚፈጋ ሰው ፖፕላሩ እስኪወጣ ድረስ ሳያውቀው ይበላዋል። ካርታቬትሮውን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ ከ150 ቁጥር ጀምሮ በ220 በኩል እስከ 320፣ ሁልጊዜም በጭረቱ አቅጣጫ በእጅ ማሸት ይሻላል። ቆዳው የሚያርፍበት ጠርዝ ፈጽሞ አይነካ፤ የድራሙ ድምፅ ያለው እዚያ ነውና። የቀፎው ውስጥም እንዲሁ ይተው፤ በአንዳንድ ሉድዊጎች ውስጥ በቀይ ቀለም የታተመ የተሠራበት ቀን አለ፤ አንዳንዱ ቀፎ ውስጡ የተቀባው የዱሮ ነጭ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ መፈግፈግ ለሳንባ ጉዳት ነው።

ቀለምና ቫርኒሹን በተመለከተ፣ የልባሱ ሙጫ ሳይጠረግ የተረፈበት ቦታ ማቅለሚያ ስለማይጠጣ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ እንጨቱን በአኩራጅ በራሰ ጨርቅ ማበስ ነው፤ ሙጫው ያለበት ቦታ እርጥበቱን ሳይጠጣ ፈዞ ይቀራል። ልባሱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ስላለው፣ ሲነሣ የቀፎው ስፋት ወደ አንድ ሚሊሜትር ይቀንሳል፤ ይህን ለመካስ ቫርኒሽ መደራረብ አያስፈልግም፤ እንዲያውም የዱሮ ቀፎዎች ለዛሬ ቆዳዎች ጠበብ ስለሚሉ ቅናሹ ይጠቅማቸዋል። ስስ አድርጎ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መቀባት በቂ ነው። የተልባ ዘይት የሚጠቀም ሰው ደግሞ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨምድዶ ጥግ ላይ አይጣለው፤ ሲደርቅ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላልና ውጭ ዘርግቶ ያድርቀው ወይም በውኃ ይዘፍዝፈው።

በመጨረሻ የሚመጣው ስህተት ቫርኒሹ ላይ ላዩን ስለደረቀ ብቻ ብረቶቹን መልሶ ማሰር ነው። የቡሎን መያዣዎቹ ለስላሳው ቫርኒሽ ውስጥ ሰምጠው ይጣበቃሉ፤ ሌላ ጊዜ ሲፈቱም ቫርኒሹን ይዘው ይነሣሉ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቆ፣ ብረት በሚሸፍነው ቦታ ላይ የአውራ ጣት ጥፍርን ጫን አድርጎ ማየት ነው፤ ምልክቱ ከቀረ ሌላ ሳምንት ይጨመርለት።