የንግድ አብራሪ ፈቃድ፦ የበረራ ሰዓት እንዴት ይቆጠራል፣ የትስ ይጎድላል?

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ «የንግድ አብራሪ ለመሆን ስንት ሰዓት መብረር አለብኝ?» ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት የሚሰጠው መልስ «200 ሰዓት» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። በዚያ 200 ውስጥ የግድ መገኘት ያለባቸው ትንንሽ ድምሮች አሉ። ተማሪ ፋይሉ ሲመለስበት አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ከእነሱ አንዱ ነው።

ዝቅተኛውን ልክ የሚያስቀምጠው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ፣ ነው። ለአውሮፕላን 200 ሰዓት ይጠይቃል፤ ሥልጠናው በጸደቀ ኮርስ ውስጥ ከተጠናቀቀ 150 ይበቃል። ዕድሜ 18 የሞላው፣ አንደኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ ያለው ይሁን ይላል። ከ200ው ውስጥ 100 ሰዓት (በጸደቀው ኮርስ 70) በዋና አብራሪነት፣ በሠልጣኞች አነጋገር በፒአይሲ፣ የተበረረ መሆን አለበት። 20 ሰዓት በዋና አብራሪነት የተደረገ ክሮስ ካንትሪ (ከአንድ ኤርፖርት ወደ ሌላ የሚደረግ ጉዞ) ይፈለጋል፤ በእሱ ውስጥ ቢያንስ 540 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ በሁለት የተለያዩ ኤርፖርቶች ሙሉ በሙሉ ቆመው ያረፉበት አንድ ጉዞ መኖር አለበት። 10 ሰዓት ደግሞ የኢንስትሩመንት (ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የመብረር) ትምህርት ይፈለጋል፤ ከዚህ ከ10ሩ መሬት ላይ ባለ መለማመጃ ሊሆን የሚችለው ከ5 አይበልጥም። ሌሊት የመብረር መብት የሚፈልግ ሰው 5 የሌሊት ሰዓት ይጨምራል፤ በእነዚህ ውስጥ በዋና አብራሪነት 5 ጊዜ መነሳትና 5 ጊዜ ማረፍ አለበት። ሲሙሌተር ላይ የተማሩት ከጠቅላላው ሰዓት ሊያዝላችሁ የሚችለው ቢበዛ 10 ሰዓት ነው፤ እሱም ፈቃድ ሰጪው ከተቀበለው።

አገሮች ሕጋቸውን በዚህ ላይ ቢመሠርቱም የሚያከብዱ አሉ። ስለዚህ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በሥራ ላይ ያለውን የፈቃድ መመሪያ ገና ሥልጠና ስትጀምሩ በእጃችሁ አድርጉ። ከትምህርት ቤቱ ብሮሹር ይልቅ የሚያዋጣው እሱ ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሐኪም

የመጀመሪያ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት አንደኛ ደረጃ ሕክምናውን ጨርሱ። ዓይን እያንዳንዱ ለብቻው 6/9፣ ሁለቱ በአንድ ላይ 6/6 ማየት አለበት፤ በመነጽር ቢሆንም ይቻላል፣ «መነጽር ያደረገ አብራሪ አይሆንም» የሚባለው ወሬ ነው። አብዛኛውን ሰው የሚያስደነግጠው የቀለም መለየት ፈተና ነው፤ በመነጽር የሚታረም ነገር ስላልሆነ 40 ሰዓት ከበረሩ በኋላ ከመስማት በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ይሻላል።

አንድ ሰዓት የሚባለው የቱ ነው?

የበረራ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ለመነሳት ብሎ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንስቶ በረራው አልቆ እስኪቆም ነው። ታክሲ ማድረግ (መሬት ላይ በጎማ መሄድ) ይቆጠራል፤ ሞተር አስነስቶ ከመንቀሳቀስ በፊት ቆሞ መጠበቅ አይቆጠርም። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ታኮሜትር ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ቀስ ብሎ ስለሚቆጥር ከሰዓት ጋር አይገጥምም፤ ለጥገና እንጂ ለሎግ ቡክ (አብራሪው በረራውን ለሚመዘግብበት ደብተር) አይሆንም።

አሁን ወደ ሎግ ቡኩ። ብዙ ሰዓት የሚባክነው እዚህ ነው። ሎግ ቡክ በአሥርዮሽ ሲሞላ 6 ደቂቃ 0.1 ነው። 1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ማለት 1.4 እንጂ 1.24 አይደለም። 50 እንዲህ ያለ በረራ በ1.24 የመዘገበ ተማሪ 62 ሰዓት ደምሮ ይቀመጣል፤ የበረረው ግን 70 ነው። 8 ሰዓት የነዳጅና የኪራይ ገንዘብ በብዕር ጠፋ ማለት ነው። የባሰው ተቃራኒው ነው፦ 1 ሰዓት ከ6 ደቂቃን 1.6 ብሎ መጻፍ። ትክክለኛው 1.1 ነው፤ መርማሪው ከአውሮፕላኑ የበረራ መዝገብ ጋር ሲያመሳክረው የሚመስለው ስህተት ሳይሆን ማጭበርበር ነው።

ሰዓቱ ራሱ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ይጻፋል፤ እኛ ደግሞ ቀናችንን ከንጋት የምንቆጥር ሰዎች ነን። ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ የቀኑን የኛ ሰዓት ወስዳችሁ 3 ደምሩ። ጠዋት 2:30 ተነስቶ 4:00 ያረፈ በረራ 05:30 እስከ 07:00 ይሆናል። ማታ ከሆነ 15 ትደምራላችሁ፤ ማታ 1 ሰዓት 16:00 ነው። ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ግን 12 ላይ፤ የ2016 መስከረም 1 እንዲያ ነበር። የአንድ ቀን ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፣ ግን የሕክምና ማረጋገጫው ጊዜ ባበቃ ማግስት የተበረረ በረራ ሕጋዊ አይደለም።

የዓምዶቹ ነገር ደግሞ አለ። ሶሎ (ብቻን የተበረረ) በረራ የዋና አብራሪነት ሰዓት ነው፤ በሁለቱም ዓምድ ጽፎ ሁለቱንም ወደ ጠቅላላ መደመር የተለመደ ጥፋት ነው። ከአስተማሪ ጋር የተበረረው ዱዋል ከጠቅላላው ይቆጠራል፣ ከ100ው የዋና አብራሪነት ሰዓት ግን አይደለም። ጓደኛችሁ እያበረረ ከጎኑ ተቀምጣችሁ የሄዳችሁበት ጉዞ አንድ አብራሪ ብቻ በሚፈልግ አውሮፕላን ላይ ከሆነ ተሳፋሪ ነበራችሁ፤ የትም አይጻፍም።

የ540 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ

በካርታ ላይ እንሥራው። (ለስሌት ያህል ነው፤ የበረራ ፕላን የሚያጸድቀው ሌላ ነው።) ከቦሌ ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መስመሩ የሰሜን ሸዋን ደጋ ያቋርጣል፣ ደብረ ብርሃንን በስተቀኝ ይተዋል። ኮምቦልቻ አርፎ የተመለሰ ሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል በሯል። አልበቃም፤ በኪሎ ሜትሩም ጎድሏል፣ ያረፈበትም ሌላ ኤርፖርት አንድ ብቻ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባሕር ዳር (270 ገደማ) ቀጥሎ ከዚያ ወደ ቦሌ (330 ገደማ) ቢመለስ ግን 850 ያህል ይሆናል፤ ሁለት ቦታ አርፏል። በእያንዳንዱ ማረፊያ ሙሉ በሙሉ ቁሙ፤ ማኮብኮቢያውን ነክቶ መነሳት ለዚህ አይቆጠርም። ሰዓቱንም የኤርፖርቱንም ስም ለየብቻ መስመር ጻፉ።

ከዚህ መስመር በታች ያለው መሬት ቀልድ አያውቅም። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ፣ ማለት 9,300 ጫማ ላይ ናት። የመንዝ ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ መደበኛው ሙቀት ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ነው፤ ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 23 ነው። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምሩ፦ 2,760። አውሮፕላኑ የሚሰማው አየር የ12,000 ጫማ አየር ነው። የማሠልጠኛ አውሮፕላኑ የሴስና 172ኤስ የሰርቪስ ጣሪያ (ከዚያ በላይ መውጣት የሚያዳግተው ልክ) 14,000 ጫማ መሆኑን ካስታወሳችሁ ለመውጣት የቀረላችሁን ጉልበት ታውቃላችሁ። ስለዚህ የተራራውን ክፍል በጠዋት፣ አየሩ ሳይሞቅና ንፋሱ ሳይነሳ።

ቦሌም ቢሆን 7,600 ጫማ አልፏል። ቆላ የተጻፈ የመማሪያ መጽሐፍ «ቅይጡን (የነዳጅና የአየሩን ድብልቅ) ሙሉ አድርጋችሁ ታክሲ አድርጉ» ሲል በደጋ አትስሙት። ቅይጡ ነዳጅ ሲበዛበት ሻማው ጥላሸት ይይዛል፤ በደቂቃ በ1,800 ዙር ማግኔቶውን (ለሻማው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ስትፈትሹ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ መውረድ የሚፈቀድለት 150 ዙር ሆኖ ሳለ ከዚያ ያልፋል፣ በረራው ይሰረዛል። መሬት ላይ ሳላችሁ ቅይጡን ቀንሱ። አንዴ ጥላሸት ከያዘ ዙሩን ከፍ አድርጎ ቅይጡን ቀንሶ ለትንሽ ጊዜ ማቃጠል ብዙ ጊዜ ያጸዳዋል፤ ካላጸዳው ወደ መካኒክ።

ሰዓቱን እንዴት እናውጣው?

በ200ው መንገድ ለሚሄድ ሰው የሚሠራ ክፍፍል ይኸውና፦ እስከ ግል አብራሪ ፈቃድ 45 ሰዓት (ከእሱ 10ሩ ሶሎ)፣ ከዚያ 90 ሰዓት በዋና አብራሪነት፣ 40 ለኢንስትሩመንት፣ 25 ለንግድ ፈቃዱ ልምምድ። ከ90ው ውስጥ ክሮስ ካንትሪውን በ20 አታቁሙት፤ 50 አድርሱት። የኢንስትሩመንት ሬቲንግ (በመሣሪያ የመብረር ተጨማሪ መብት) በአይካኦ ልክ 50 ሰዓት የዋና አብራሪነት ክሮስ ካንትሪ ይጠይቃል፣ ያለዚያ ሬቲንግ ደግሞ የአየር መንገድ በር አይከፈትም። በአንድ ኤርፖርት ዙሪያ ሲሽከረከሩ 90ውን የጨረሱ ሰዎች 30 ሰዓት በድጋሚ ይከፍላሉ።

ረጅሙን ጉዞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያዙ። ክረምቱን ለንድፈ ሐሳብ ፈተናና ለሲሙሌተር ተዉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ደጋ ላይ ውጭ ያደረ ክንፍ ውርጭ ሊይዝ ይችላል፤ ስስ ነው ብላችሁ አትነሱ፣ ሙሉ በሙሉ ይጠረግ። የሌሊት ሰዓት ስትመዘግቡ ፀሐይ እንደጠለቀች አትጀምሩ፤ ሌሊት የሚባለው ወገግታው ሲያልቅ ነው፣ በኛ አገር 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ።

በ150ው ኮርስ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቅናሹ የኮርሱ ነው፣ የእናንተ አይደለም። መሐል ላይ ትምህርት ቤት ከቀየራችሁ ወይም ካቋረጣችሁ የበረራችሁት ሰዓት ባይጠፋም መለኪያው ወደ 200 ሊመለስ ይችላል። ከመልቀቃችሁ በፊት ከፈቃድ ሰጪው በጽሑፍ ጠይቁ፣ ማኅተም ያለበት የሥልጠና ማኅደራችሁንም ይዛችሁ ውጡ።

ወደ አሜሪካ የሚያስብ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይጠብቀዋል። የአገሪቱ የአቪዬሽን አስተዳደር፣ የኤፍኤኤ፣ ደንብ ክፍል 61 ጠቅላላውን 250፣ የዋና አብራሪነቱን ክሮስ ካንትሪ 50 ያደርገዋል፤ ክሮስ ካንትሪ የሚባለውም ከተነሱበት በቀጥታ መስመር ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ ርቆ ያረፈ ነው። ለመጠን ያህል፣ ከቦሌ እስከ ደብረ ብርሃን በአየር 60 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው። ረጅሙ ጉዞ 300 ማይል ሆኖ አንዱ ማረፊያ ከመነሻው 250 ማይል መራቅ አለበት፤ ከላይ የሠራነው የኮምቦልቻና የባሕር ዳር ዙር በርቀቱ ድምር ቢያልፍም በዚህኛው ይወድቃል፣ ባሕር ዳር ከቦሌ 180 ማይል ብቻ ናትና።

ለበረራ ፈተናው ከመመዝገባችሁ ሁለት ወር በፊት ሎግ ቡኩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ በእርሳስ ዓምድ በዓምድ ደምሩ። የጎደለውን በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ትበሩታላችሁ። የየገጹ ድምር ተፈርሞ፣ የእያንዳንዱ ዱዋል በረራ የአስተማሪ ፊርማና የፈቃድ ቁጥር መኖሩን እዩ፤ አስተማሪ ሥራ ቀይሮ ከሄደ በኋላ ፊርማ ማስመለስ ወር ይፈጃል።