ከመስቀል በዓል እስከ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ፦ ቤተሰብ ይዞ ተራራ እንዴት እንደሚወጣ

አቡነ ዮሴፍ በላስታ፣ ከላሊበላ ከተማ በላይ የሚገኝ፣ ከፍታው ከ4,200 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው። እኛ የምንኖርባት ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ስለሆነች፣ ከቤታችን እስከ ጫፉ 2,700 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለብን። ይህን ልዩነት ከልጆች ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት ማለፍ እንደሚቻል የተማርሁት ተሳስቼ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን መምረጥ ያስፈልጋል። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ዝናቡ ቢለዝብም መሬቱ ገና ማጥ ነው፤ ቁልቁለቱም ያንሸራትታል። ስለዚህ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማስፈቀድ ቢጠይቅም፣ ከመስከረም 15 እስከ 22 ያለውን ሳምንት እመርጣለሁ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የምትነግሥበት ዕለት በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የሚነሳ ሰው የመኪና ቦታ ቀድሞ መያዝ አለበት። የመንገዱን ሰላም መሆን ደግሞ እዚያው ካለ ዘመድ በስልክ መጠየቅ እንጂ በወሬ መመራት አይገባም።

ስንቅና ልብስ ብዙ አያከራክርም። ለያንዳንዱ ሰው አንድ ጋቢ፣ ባርኔጣ፣ የዝናብ ልብስና ውኃ ይያዝ። ጫማው ቢያንስ ለአንድ ወር የተለመደ ይሁን፤ ለጉዞው ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ ተረከዝ ልጦ ይመልሳል። በውድ ዋጋ የሚሸጠውን የተራራ ምርኩዝ ሞክሬዋለሁ፤ ከወይራ ዱላ የሚበልጥበትን ነገር አላገኘሁበትም። ከምግብ በሶን የሚተካከል የለም፤ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ለረቡዕና ለዓርብ ጾምም ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው ደረጃ ስንፍና ስለሚመስል ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ላሊበላ ደርሶ ሁለት ቀን መቀመጥ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ላይ ስላለች ከቆላ የመጣ ሰውነት ሥራውን የሚጀምረው እዚያው ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በ4,200 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገባው ስድስት አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው ቀስ በቀስ እንጂ በጉልበት ብዛት አይደለም፤ ጎረምሳም ይታመማል። የመስቀል በዓል ለዚህ የተመቸ ነው። መስከረም 16 ደመራ፣ 17 በዓሉ፤ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ይውላሉ፣ አዋቂውም ቡና እየጠጣ ሳያውቀው ለዳገቱ ይዘጋጃል። እግር ከፈታን፣ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ ይበቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን እኔ ቀን ለመቆጠብ ብዬ፣ ማታ ደርሰን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽቅብ ጀመርን። አማቴ «ልጄ፣ ገና አገሩን ሳይለምዱት ወዴት ትወስዳቸዋለህ?» ቢሉኝም አልሰማሁም። ማታ የ11 ዓመት ልጄን ራሷን አመማት፣ እራትም አልበላ አላት። ፀሐይ መታት ብዬ የራስ ምታት ክኒን ሰጠኋትና ሲነጋ ጉዞውን ቀጠልሁ። ብዙም ሳንሄድ አስመለሳት፤ ቀጥሎም ሜዳው ላይ ትንገዳገድ ጀመር። የበቅሎው ባለቤት ከእኔ ቀድሞ ገብቶት በቅሎውን ወደ ታች አዞረ። ላሊበላ እንደገባን ዳቦ ጠየቀች፤ የዚያን ዕለት ያዳናት መውረዱ እንጂ ክኒኑ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የማልጥሰው ሕግ ይህ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያለበት ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ካልተሻለው ይወርዳል። የተንገዳገደ፣ ቃሉ የተምታታ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ አለበት። ትንንሽ ልጆች ሕመማቸውን በቃል ስለማይነግሩ፣ ጨዋታ ማቆማቸውንና ምግብ እንቢ ማለታቸውን እንደ ምልክት መቁጠር ያስፈልጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የመኝታ ቦታ ከሌሊት ወደ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም።

መስከረም 18 እስከ አሸተን ማርያም ወጥቶ መመለስ ነው። ከዓለት የተፈለፈለችው ይህች ቤተ ክርስቲያን ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች፣ ማን ምን ያህል እንደሚችል በግልጽ ታሳያለች። በማግስቱ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ፣ በቅሎም ተከራይቶ፣ 3,300 ሜትር አካባቢ ባለው ደጋ ላይ ማደር፤ ቀጣዩን ሌሊት ትንሽ ከፍ ማለት። የከተማ ወይም የቤት ውሻ አብሮ አይሂድ። በዚያ ጓሳ ላይ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች አሉ፤ የውሻ እብደት በሽታ ከገባባቸው ይፈጃቸዋል።

ወደ ጫፉ የሚወጣበት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ይገባል። ጠዋት ጅብራውና የጭላዳው መንጋ በጠራ ብርሃን ይታያሉ፤ ከቀትር በኋላ ጉም ሲወርድ ግን መንገዱና ገደሉ አይለዩም። ስለዚህ ጫፉ አልተደረሰም ተብሎ ሳይከራከሩ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፊትን ማዞር ነው።

ሲወረድ ልጆች በቅሎ ላይ አይቀመጡ፤ በጭንጫ ቁልቁለት በቅሎው ቢደናቀፍ የተቀመጠው ሰው በአንገቱ ላይ ይወድቃል። የጫማው ማሰሪያ ከቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ ይደረግ፤ አለዚያ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል። የበቅሎውን ኪራይ ሲዋዋሉ ባለቤቱ ወደ መንደሩ የሚመለስበትን ቀን አብረው ያስቡለት፤ ክፍያውንም በጥሬ ገንዘብ ይያዙ።