የፎም አውሮፕላን መልኩ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ሞተሩ የሚዞር፣ ሰርቮው (የክንፉንና የጅራቱን መሪ የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ሞተር) የሚታዘዝ፣ ክንፉ ያልተጣመመ፣ በሪሞት የሚበር የፎም አውሮፕላን ይዛችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ሚዛኑ ከጠፋ ወይም የጅራቱ ማጠፊያ ከተገነጠለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ባትሪው ካበጠ ደግሞ አይጠገንም፣ ይወገዳል። እዚህ የማወራው ስለ መልኩ ብቻ ነው፤ ስለሰረጎደው፣ ስለተጨረመተው፣ ስለቆሸሸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለቤቱ "ላስተካክለው" ብሎ ስላባሰው። በእጄ ካለፉት ውስጥ መሬት ካበላሸው ይልቅ ባለቤቱ ያበላሸው ይበልጣል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የያዛችሁት ፎም የትኛው እንደሆነ ለዩ። ኢፒኦ የሚባለው አብዛኛው ተገጣጥሞ በካርቶን የሚመጣ አውሮፕላን የሚሠራበት ነው። በጥፍር ሲጫኑት ለስለስ ብሎ ይገባል፣ ሲያጥፉት ቶሎ አይሰበርም። ኢፒፒ እንደ ጎማ ነው፤ ጨፍልቃችሁት ራሱ ይመለሳል፣ ስለዚህ ብዙም አያስቸግርም። ኢፒኤስ ያው ከቴሌቪዥን ጋር በካርቶን የሚመጣው ነጩ ፎም ነው፤ ሲሹት ይንጫጫል፣ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። መለየት ካቃታችሁ ባትሪው ከሚቀመጥበት ጥግ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ አውጡና ተራ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉባት። ከሟሟች ኢፒኤስ ናት። ቁራጯን አውጥታችሁ ነው ያልኩት፤ እዚያው አውሮፕላኑ ላይ አይደለም። ይህን የምጽፈው እዚያው ላይ ሞክሮ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይዞ የመጣ ሰው ስላለ ነው።

የክንፉ የፊት ጠርዝ ወይም አፍንጫው ሰርጉዷል

በብዛት የሚመጣልኝ ይህ ነው። ስርጉድ ጉንጭ ላይ እንጂ ክንፍ ላይ አያምርም።

የሚመጣበት መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። እኛ የደሴ ሰዎች የምናበርበት የገራዶ ሜዳ ከላይ ከመንገዱ ሲታይ ምንጣፍ ይመስላል። አጨዳ ካለፈ በኋላ ግን የቀረው አገዳ እንደ ብሩሽ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ በመሃሉ ደግሞ ድንጋይ አለ። የኮምቦልቻ ልጆችም ከአውሮፕላን ማረፊያው ለመራቅ ብለው ወደ እኛ ስለሚመጡ (ደግ አደረጉ፤ እዚያ አካባቢ በምንም ምክንያት እንዳታበሩ) ያው ድንጋይ ሁላችንንም ያገኘናል።

ፎም ማለት እርስ በርሱ የተጣበቀ የትንንሽ ፊኛ ክምር ነው። ሲመታ ፊኛው አብዛኛውን ጊዜ አይፈነዳም፤ ይሸበሸባል እንጂ። አየሩ አሁንም ውስጡ አለ። ሙቀት ሲነካው ግድግዳው ይለሰልሳል፣ አየሩ ይነፋል፣ ፊኛው ወደ ድሮ ቅርጹ ይመለሳል። ስለዚህ ለኢፒኦ ስርጉድ መድኃኒቱ የፈላ ውሃ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙት ነገር የለም።

ባትሪውን አውጡ። ሰርቮውና ተቀባዩ (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው) የሚነቀሉ ከሆነ ንቀሉ፣ ካልሆነ በፌስታል ጠቅልላችሁ በስኮች ዝጉ። አውሮፕላኑን ውሃው ከስርጉዱ ወደ ውጭ እንዲወርድ አዘንብሉት፤ ወደ ሆዱ ከወረደ አጉል ነው። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ጣዱ።

የደሴ ሰው ኢንተርኔት ላይ ከምታዩት የጥገና ቪዲዮ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እኛ ዘንድ 92 አካባቢ ላይ ፈልቶ ያበቃል፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ገደማ ይደርስላታል። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ "ከፈላ በኋላ ጥቂት ይብረድ" የሚለው ለራሱ አገር ነው። እኛ ካበረድነው ለብ ያለ ውሃ ነው የምናፈሰው፤ ከዚያ "ኧረ አልሠራም" ተብሎ ወደ ሱፐር ግሉ ይኬዳል። እየተንተከተከ ሳለ ነው የሚፈሰው።

በቀጭኑ፣ ከቅርብ፣ ስርጉዱ ላይ ብቻ፣ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ አፍስሱ። አምስት ሰከንድ ያህል አፍስሳችሁ አቁሙና እዩት። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ቀጥሎ የሽብሽቡ መስመር እየሳሳ ይሄዳል፤ ከዚያ ጥልቁ ቦታ ሊጥ ኩፍ ሲል እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ ከታች ይነሳል። ድጋሚ አፍስሱ። ሦስት አራት ጊዜ ይፈጃል። ሊስተካከል ጥቂት ሲቀረው አቁሙ፤ ሙቀቱ ውስጡ ስላለ ቀሪውን ራሱ ይጨርሳል። ገና ትኩስ ሳለ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በመዳፋችሁ ቅርጹን ያዙት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበትና ልቀቁት።

እጃችሁን ተጠንቀቁ። ክንፉን በአንድ እጅ ማንቆርቆሪያውን በሌላው ይዞ ብቻውን የሚሠራ ሰው መጨረሻው የተላጠ አውራ ጣት ነው፤ የእኔ ምስክር ነው። ትንሽ ልጅ አጠገብ ካለ ተዉት፣ ማታ ይደረሳል።

አፍንጫ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ከሆነ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም፤ ሞተሩን ፈትታችሁ አፍንጫውን ብቻ በፈላ ድስት ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ነክራችሁ አውጡ። ለሰርቮ የቀረበ ጠባብ ቦታ ሲሆን እኔ የምጠቀመው የጀበና አፍ ነው። ግማሽ ድረስ ውሃ ብቻ ሞልቶ ሲፈላ በጉሮሮው ቀጭን እንፋሎት ይወጣል፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። የተሰነጠቀች አሮጌ ጀበና ፈልጉ። እማዬ የቡናዋን ጀበና ወስጄ ያገኘችኝ ቀን "ቡናዬ ፕላስቲክ ፕላስቲክ አለኝ" እያለች ሰፈሩን አዳርሳለች፤ የነካው እኮ እንፋሎቱ ብቻ ነበር።

የክንፉ የኋላ ጠርዝ ስስ ስለሆነ ሙቀት ሲያገኝ ይጣመማል። እዚያ ላይ ውሃ ከደረሰ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ እስኪበርድ መጽሐፍ ጫኑበት።

ውሃ የማይመልሰው ምንድን ነው? የተቀደደውን። ፊኛው ከተቀደደ አየሩ ወጥቷል፣ የሚነፋ ነገር የለም። ሌላው በሙጫ የታሰረው ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ አውሮፕላኑን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞልኝ መጣ። አፍንጫው እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፏል።

"ጋሼ፣ ይድናል ወይስ ልጣለው?"

"በምን ተመታ?"

"በአጥር።"

አጥሩስ ምንም አላደረገም። እያንዳንዱ እጥፋት ውስጥ "እንዳይባባስ" ተብሎ ሱፐር ግሉ ገብቷል። እንዲያው ይሞከር ብዬ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ሙጫ ያልነካው ቦታ ተነሳ፣ የነካው ተቀምጦ ቀረ፣ አፍንጫው ጭራሽ ድንች መሰለ። ሳይነካ አምጥቶት ቢሆን ቡና እስኪፈላ ያልቅ የነበረ ሥራ ቆርጦ ሌላ ፎም መቀጠል ሆነና ሁለት ቀን ፈጀብን። ውሃ መጀመሪያ፣ ሙጫ ኋላ። ስንጥቅ እንኳ ቢኖረው መጀመሪያ ስርጉዱን አስነሱ፤ ከዚያ በኋላ የስንጥቁ ሁለት ከንፈር ራሱ ይገጥምላችኋል።

ኢፒኤስ ላይ ይህ ሁሉ እምብዛም አይሠራም። ትንሽ ይነሳል፣ ቀሪው በመሙያ ነው።

ገጹ እንደ አዞ ቆዳ ጎርበጥባጣ ሆኗል

መንስኤው የበዛ ሙቀት ነው። ፊኛዎቹ እያንዳንዳቸው ከልክ በላይ አብጠዋል። ወይ በፀጉር ማድረቂያ ፎን ቀርባችሁት ነው፣ ወይ ካውያ አሳርፋችሁበት ነው፣ ወይ ደግሞ ማንም ሳይነካው ኮምቦልቻ ላይ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ቀን ሙሉ ውሎ ነው። ጥቁርና ቀይ ቀለም ያለው ክንፍ ፀሐይ ስለሚስብ ከነጩ ቀድሞ ይበላሻል። ክንፍ የኋላ መስታወት ሥር አስቀምጦ ዕቃ ሊገዛ የሚገባ ሰው ሲመለስ ሌላ ክንፍ ነው የሚያገኘው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ያበጠውን በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ ሳትጫኑ መላግ፣ ከዚያ በስሱ መሙያ መቀባት ነው ያለው። በባዶ ጣት የምትልጉ ከሆነ ጉድጓድ ነው የምትቆፍሩት። በሻካራው ወረቀትም አትጀምሩ፤ ፍሬ ፍሬውን እየነቀለ ያወጣል። ከሁለት ሜትር ላይ ካልታየ በቃ፣ በረራውን አይከለክልም።

ቁራጭ ወልቆ ጠፍቷል

ቁራጩ ካለ ፈልጋችሁ አምጡ፤ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ማጎንበስ ቤት ሁለት ሰዓት ያተርፋል። ከጠፋ ቀዳዳውን በአዲስ ምላጭ ቀጥ ባለ አራት ማዕዘን ቁረጡት፣ ከዕቃ ማሸጊያ ፎም ጥቂት ተለቅ አድርጋችሁ መሰኪያ አዘጋጁ፣ በነጭ የእንጨት ኮላ አጣብቁ፣ ሌሊቱን ተዉት፣ ነገ ከላዩ ላይ ላጉት። ምላጩ አዲስ ይሁን ያልኩት አሮጌው ስለሚቦጭቅ ነው።

ከጥፍር የማይበልጥ ጉድጓድ ሲሆን ቀላሉ የግድግዳ መሙያ ይሻላል፤ ቆርቆሮው ሙሉ ሆኖ ባዶ የሚመስለው ዓይነት። እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ አስልኩ። ካጣችሁ ስትልጉ የወደቀውን የፎም ብናኝ በኮላ ለውሱት፤ ሲደርቅ ሸካራ ነው፣ ግን አይከብድም።

ጀሶ አትጠቀሙ። የመኪና ስቱኮም አትጠቀሙ። ጀሶ! አንድ ወዳጄ የክንፍ ጫፍ በጀሶ ሞልቶ፣ እንደ ሳሎን ግድግዳ አለስልሶ፣ ነጭ ቀብቶ አመጣው። እውነት ለመናገር ሲያዩት ያምራል። አንድ ሊትር የሚያህል የአውሮፕላን ፎም እኮ ክብደቱ ከ20 እስከ 30 ግራም ነው፤ አንድ ስኒ ጀሶ ከዚያ በላይ ይመዝናል። ያውም ከክንፉ ጫፍ ላይ፣ በአንድ ወገን። ከእጁ እንደለቀቀው ወደዚያው ወገን ተጋደመና በጀሶው በኩል መሬት መታ። ጀሶው ምንም አልሆነም።

የሙጫው መስመር ጉብ ብሎ ይታያል

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ከፎሙ ይጠነክራል። ስትልጉት ወረቀቱ ግራና ቀኙን ፎም ይበላል፣ መስመሩ እንደ ጠባሳ ይቆማል። ጉብታውን በምላጭ አስተኝታችሁ ላጩት፣ ዙሪያውን በመሙያ አስተካክሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሙጫው ከስንጥቁ ገጽ ጥቂት ገባ ብሎ ይቁም። የሙጫ ማድረቂያ ስፕሬይ የምትረጩም ቀስ በሉ፤ በአንድ ጊዜ ይግላል፣ ቢጫም ያደርገዋል። የፈሰሰውን ሱፐር ግሉ በጥጥ አትጥረጉ፤ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ እስኪጨስ ይግላል፣ ጣት ያቃጥላል።

ቀለም ቀብቼው ሟሟ፣ ወይም ቀለሙ አልመሳሰለም

የሟሟው ኢፒኤስ ላይ ተራ ስፕሬይ ስለተረጨ ነው፤ ውስጡ ያለው ማቅጠኛ ፎሙን ይበላዋል። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ አድርጉ፣ ሁለቴ፣ ስስ። አለመመሳሰሉ ግን የቀለሙ ጥፋት አይደለም። አሮጌው ነጭ የደሴን ፀሐይ ጠጥቶ ወደ ቅቤ ቀለም ሄዷል፤ አዲሱን ነጭ ብትቀቡበት ፕላስተር የተለጠፈበት ግንባር ነው የሚሆነው። ወይ ክንፉን ሙሉ ቀቡ፣ ወይ ጠባሳው ላይ ቀይ መስመር አሳልፉና ያንኑ በሌላው ክንፍ ድገሙት፤ ከፋብሪካ የመጣ ይመስላል።

ቆሽሿል

ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ቤንዚን፣ ቲነር፣ አሴቶን አታስጠጉ። የሣሩ አረንጓዴ ካልለቀቀ አልኮል በጨርቅ፣ ቀለም ያለበት ቦታ ላይ ግን መጀመሪያ ከሥር በኩል ሞክሩት።

ስኮቹ ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይነሳል

ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ስለሳባችሁት ነው። ፎኑን ከሩቅ ለብ አድርጉበት፣ ስኮቹን በራሱ ላይ ወደ ኋላ አጥፉና በገጹ አግድም እየሳባችሁ ሂዱ። የፊት ጠርዙ ላይ ግልጽ ስኮች መለጠፍ ጥሩ ነው፣ የገራዶን አገዳ ይከላከላል። ግን በየጊዜው ቀይሩት፤ ዓመት ከቆየ ሙጫው ፎሙ ላይ ይቀራል፣ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ያን ጊዜ ጥቁር መስመር ይዛችሁ ትመጣላችሁ።