ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ድራይቨሩ ላይ ሲሰናከል፦ ችግርና መፍትሄ

ባለ 64 ቢት የሊኑክስ ከርነል ላይ ባለ 32 ቢት ፕሮግራምም ይሰራል። ስለዚህ አንድ ድራይቨር (ከርነሉ ውስጥ ሆኖ መሣሪያን የሚያንቀሳቅስ ኮድ) ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለው። ሁለቱን የሚያግባባው ኮድ «ኮምፓት» ይባላል። ይህን ኮድ የሚገመግሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሎጂኩን ሲፈትሹ ይውላሉ። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሄደር ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙና ድራይቨሩ የሚለዋወጡት ስትራክት (በአንድ የታሰሩ ፊልዶች ስብስብ) የሚገለጸው እዚያ ነው። መጀመሪያ የስትራክቱን አቀማመጥ እዩ፤ ወደ ሎጂኩ ከዚያ በኋላ ትሄዳላችሁ።

ምልክት፦ ባለ 64 ቢቱ ፕሮግራም በደንብ ይሰራል፤ ባለ 32 ቢቱ አይኦክትል (ioctl፣ ለድራይቨር ትዕዛዝ የሚላክበት ጥሪ) ሲጠራ «ኢኖቲቲዋይ» (ENOTTY፣ ትዕዛዙ አይታወቅም) ማለትም ስህተት ቁጥር 25 ይመለስለታል።

አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው። ድራይቨሩ ለባለ 32 ቢት ጥሪ የሚሆን ተቀባይ ፈንክሽን አላስመዘገበም። የሁሉም ትዕዛዞች አርጉመንት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ከሆነና የስትራክቶቹ አቀማመጥ በሁለቱም በኩል አንድ ከሆነ፣ ከሊኑክስ 5.5 ጀምሮ ያለውን «ኮምፓት ፒቲአር አይኦክትል» (compat_ptr_ioctl) የተባለ ዝግጁ ፈንክሽን ማስመዝገብ ይበቃል። ከትዕዛዞቹ አንዱ ተራ ቁጥር የሚቀበል ከሆነ ግን ይህን ፈንክሽን አትፍቀዱ። ኤስ390 (የአይቢኤም ሜይንፍሬም) ላይ የፖይንተሩ የላይኛው ቢት ስለሚጠፋ ቁጥሩም ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ሰውን የሚያለፋው ነው። አንድ ስትራክት እንውሰድ፤ መጀመሪያ ባለ 32 ቢት ቁጥር፣ ቀጥሎ ባለ 64 ቢት ቁጥር አለው። ኤክስ86-64 (ባለ 64 ቢቱ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) ላይ ኮምፓይለሩ ባለ 64 ቢቱን ቁጥር የሚያስቀምጠው ለ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ ነው። ስለዚህ በመሃል 4 ባይት ክፍተት ይተዋል፤ ጠቅላላ መጠኑ 16 ባይት ይሆናል። አይ386 (ባለ 32 ቢቱ ዓይነት) ላይ ለ4 መካፈሉ ይበቃል። ክፍተት የለም፤ መጠኑ 12 ባይት ነው። የአይኦክትል ትዕዛዝ ቁጥር ደግሞ የስትራክቱን መጠን በውስጡ ይይዛል። ፕሮግራሙ 12 ያለበትን ቁጥር ይልካል፤ ድራይቨሩ 16 ያለበትን ይጠብቃል። አይገናኙም።

መፍትሄ፦ በይነገጹ (ፕሮግራሞች ድራይቨሩን የሚያናግሩበት ስትራክትና ትዕዛዝ) ገና ለተጠቃሚ ካልወጣ ክፍተቱን ራሳችሁ በስም ሙሉት፤ ባለ 32 ቢት «ሪዘርቭድ» ፊልድ ጨምሩ። ያኔ ሁለቱም ወገን 16 ባይት ያያል፣ የኮምፓት ኮድም ጭራሽ አያስፈልግም። ከሁሉ የሚሻለው ኮምፓት ኮድ ያልተጻፈው ነው ብዬ አምናለሁ። በይነገጹ ከወጣ ግን ስትራክቱን መንካት የለም፤ የነበሩ ፕሮግራሞች ይሰበራሉ። ለባለ 32 ቢቱ የራሱን ስትራክት «ኮምፓት ዩ64» በሚለው ዓይነት ጻፉለት፤ መጠኑ 12 የሆነውን ትዕዛዝ ተቀብላችሁ ወደ ዋናው ስትራክት ቀይሩት።

እዚህ ላይ ገምጋሚው አንድ ነገር ማጥበቅ አለበት። ከተቀየረ በኋላ ሁለቱም መንገድ ወደ አንድ ፈንክሽን መግባት አለበት። ሎጂኩ ሁለት ቦታ ከተገለበጠ፣ ነገ አንዱ ላይ የሚጨመር የደህንነት ፍተሻ ሌላው ላይ ይረሳል።

ምልክት፦ ጥሪው ይሳካል፤ ፕሮግራሙ ግን ትንሽ ቆይቶ ምንም በማይገናኝ ቦታ ይወድቃል።

ምክንያት፦ ባለ 64 ቢቱ ቁጥር ፊት፣ ባለ 32 ቢቱ መጨረሻ ላይ ከሆነ ፊልዶቹ በሁለቱም በኩል አንድ ቦታ ላይ ይውላሉ። መጠኑ ግን አሁንም 12 እና 16 ነው። የትዕዛዙ ቁጥር መጠን በማይዝ ማክሮ ከተሰራ ልዩነቱን የሚይዝ የለም። ድራይቨሩ 12 ባይት ቦታ ላይ 16 ባይት ይጽፋል። ትርፉ 4 ባይት አጠገቡ ያለውን ቫሪያብል ያበላሻል።

መፍትሄው ያው ነው፤ መጨረሻውንም ሙሉት። ክፍተቶቹን ለማየት «ፓሆል» የሚባለውን መሳሪያ ተጠቀሙ፤ ቀዳዳዎቹን ከነባይታቸው ያወጣቸዋል።

ምልክት፦ ወደ ተጠቃሚው የሚመለሰው ስትራክት ውስጥ ማንም ያልጻፈው ዳታ ይታያል።

ይህ የደህንነት ቀዳዳ ነው። ስታክ (የፈንክሽን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ያለው ስትራክት ፊልድ በፊልድ ሲሞላ ክፍተቱ ሳይነካ ይቀራል። የከርነሉ የቆየ ዳታ አብሮ ይወጣል። አስቀድማችሁ «ሜምሴት» በሚባለው ሜሞሪ ሞይ ፈንክሽን ስትራክቱን በሙሉ ዜሮ አድርጉት። «ሪዘርቭድ» ፊልድ ከተጠቃሚው ሲመጣ ዜሮ ካልሆነ ደግሞ «ኢኢንቫል» (EINVAL፣ ልክ ያልሆነ አርጉመንት የሚል ስህተት) መልሱ፤ አለበለዚያ ወደፊት ልትጠቀሙበት አትችሉም።

ምልክት፦ ባለ 32 ቢቱ ፕሮግራም «ኢፎልት» (EFAULT፣ የተበላሸ አድራሻ)፣ ስህተት ቁጥር 14 ይመለስለታል።

ብዙ ጊዜ ስትራክቱ ውስጥ ፖይንተር ወይም «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት አለ ማለት ነው። በአንዱ 4፣ በሌላው 8 ባይት ነው። በአዲስ በይነገጽ አድራሻውን በባለ 64 ቢት ቁጥር አሳልፉ።

የጊዜ ፊልድም አይታለፍ። ኔጌቲቭም የሚይዝ ባለ 32 ቢት ሰከንድ ቆጣሪ ጃንዋሪ 19፣ 2038 ላይ ይሞላል። በምትኩ በናኖሰከንድ የሚቆጥር ባለ 64 ቢት ፊልድ ጠይቁ።

ሙከራውን ደግሞ ኤክስ86 ላይ አድርጉ። ባለ 32 ቢት አርም ፕሮሰሰር ባለ 64 ቢት ቁጥርን እንደ ባለ 64 ቢቱ በ8 ስለሚያሰልፍ፣ ከላይ ያየነው የ12 እና የ16 ልዩነት እዚያ አይታይም።