የዱር ተክል ለሄርባሪየም (ደርቀው ወረቀት ላይ ለሚለጠፉ ተክሎች ስብስብ) ሲለቀም

መጀመሪያ ዙሪያውን ቃኙ። እኔ ያው ተክል ሃያ ያህል ካልታየኝ አልነካውም፤ ፎቶ አንስቼ አልፋለሁ። የመሬቱን ባለቤት ማስፈቀድም አይረሳ።

አበባ ወይም ፍሬ ያለውን ምረጡ። በቅጠል ብቻ ዝርያውን መለየት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ትንንሹን ከነሥሩ ንቀሉና አፈሩን አራግፉ። ከዛፍ አንድ ቀንበጥ ይበቃል።

ማስታወሻውን እዚያው ቆማችሁ ጻፉ፤ «ማታ እጽፈዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ አጠገቡ የበቀለው፣ የለቃሚው ስምና ተራ ቁጥር ይግቡ። በተለይ ሲደርቅ የሚጠፋውን አትዝለሉ፦ የአበባውን ቀለም፣ ሽታውን፣ የተክሉን ሙሉ ቁመት። ማስታወሻ የሌለው ናሙና ለእኔ ድርቆሽ ነው።

ከዚያ ጋዜጣ መሃል ዘርጉት። ጀርባው እንዲታይ አንዱን ቅጠል ገልብጡ። የሚለጠፍበት ወረቀት 29 በ42 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ረጅሙን ዚግዛግ አድርጋችሁ እጠፉት። ካርቶን ደርቡበትና በቀበቶ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ይሰለቻል፤ ግን እርጥብ ጋዜጣ ሻጋታ ያመጣል። ስትነኩት ቀዝቀዝ ካለ ገና አልደረቀም።

ከደረቀ በኋላ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ለአንድ ሳምንት አቆዩት፤ የተደበቁ ነፍሳት ይሞታሉ።