«ጃጅተዋል» ከማለት በፊት፦ የመርሳት በሽታን እንዴት ማስመርመርና መያዝ ይቻላል?

በዕድሜ የገፋ ሰው ስም ጠፍቶት ቆይቶ ቢያስታውሰው እርጅና ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያፈሉ እናት ከቆሉ በኋላ ምን እንደሚቀጥል ግራ ከገባቸው፣ ወይም አባት ለዓመታት የተመላለሱበት የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን መንገድ ከጠፋባቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዲሜንሺያ የምንለው የመርሳት በሽታ አንድ በሽታ አይደለም፤ አንጎልን የሚጎዱ የብዙ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ነው። ዓይነቱ ሳይለይ የተሰጠ መድኃኒት ደግሞ ሊጎዳ ይችላል።

1. አጀማመሩን ለዩ

የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። ሰውየው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተምታታባቸው፣ አንዴ ነቅተው አንዴ ከፈዘዙ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የስኳር መውረድ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከሰነፈ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ነው ብላችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

2. ከመሄዳችሁ በፊት ጻፉ

ታማሚው ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ደህና ነኝ» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ አብሯቸው የሚኖር ሰው ይሂድ፤ ከተማ የሚኖረው ልጅ ብቻውን ይዟቸው ቢቀርብ ግማሹ ታሪክ ይቀራል። በቅድሚያ የተለወጠው ምን ነበር? ትውስታ፣ ጠባይ ወይስ አካሄድ? ቀስ እያለ ነው የባሰው ወይስ ቆሞ ቆሞ ድንገት ይወርዳል? ብር መቁጠር፣ የሶላት ረከዓ (ዙር) መያዝ፣ የጾም ቀን መለየት ላይ ምን አቃታቸው? ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ያውቃሉ? የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ይታያቸዋል? በእንቅልፋቸው ይጮሃሉ፣ ይራገጣሉ? ጆሯቸውና ዓይናቸውስ እንዴት ነው?

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዙ። አሚትሪፕቲሊን፣ ዳያዜፓም፣ ለአለርጂ የሚሰጠው ዳይፈንሃይድራሚን ትውስታን ያደበዝዛሉ። በአንድ ጊዜ አታቋርጧቸው፤ ለሐኪሙ አሳዩ።

3. ምርመራው

ከጤና ጣቢያ ተነስቶ ወደ ደሴ ወይም ወልድያ ሆስፒታል የሚላክ ሰው፣ በተለይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆነ፣ የሪፈር ወረቀቱን ይያዝ። እዚያ ከ30 የሚታረም የትውስታ ፈተና ሊሰጥ ይችላል። ፈተናው መጻፍ፣ መሳልና መቀነስ ስላለበት ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዝቅተኛ ነጥብ ማምጣቱ ብቻውን በሽታ አያሰኘውም፤ ትምህርታቸውን ለመርማሪው ንገሩ። ቀን ሲጠየቁ «የሚካኤል ማግስት» ካሉ 13ኛው ቀን ማለታቸው ነውና መልሱ ልክ ነው። የባቲ አካባቢ ሰው ገበያው ሰኞ እንደሚውል ከጠፋው ግን ቁም ነገር ነው።

የደም ምርመራው ዋና ዓላማ ሊድን የሚችለውን ምክንያት መፈለግ ነው፦ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ መድከም፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የቆየ ስትሮክን፣ ዕጢን፣ ከውድቀት በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደምን ያሳያል። ድብርትም መርሳትን ይመስላል፣ ይታከማልም።

4. ዓይነቶቹ

በብዛት የሚታየው አልዛይመር ነው፤ ቅርብ ጊዜ የተነገረው ነገር ይጠፋል፣ የጥንቱ ይቀራል። ከደም ሥር የሚመጣው በደም ግፊትና በስትሮክ ምክንያት በደረጃ ይወርዳል፤ ሁለቱ አብረው መገኘታቸውም የተለመደ ነው። ሌዊ ቦዲ የሚባለው የሌለ ነገር ያሳያል፣ ያንቀጠቅጣል፣ አካሄድን ያጎትታል። ፍሮንቶቴምፖራል ብዙ ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት የሚጀምር ሲሆን ትውስታ ሳይነካ ጨዋ የነበረውን ሰው ይሉኝታ ያሳጣዋል። ይህን ቤተሰብ በጠባይ ብልሽት ወይም በመንፈስ ስለሚተረጉመው ሕክምናው ይዘገያል።

5. ሕክምናው

አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት የለም። ዶኔፔዚል ምልክቱን ለጊዜው ያቃልላል፦ በቀን 5 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ወደ 10 ሊያድግ ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መዘግየት ያመጣል፤ ማታ ሲወሰድ ቅዠት ካበዛ ሐኪሙ የሚወሰድበትን ሰዓት ወደ ጠዋት ያዛውረዋል። ለከበደ ደረጃ ሜማንቲን አለ። በደም ሥር ለመጣው ዋናው ነገር ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር ነው። ለፍሮንቶቴምፖራል ዶኔፔዚል አይረዳም።

ትልቁ ስህተት የሚበሳጭን አዛውንት ሃሎፔሪዶል በሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ማስተኛት ነው። ሌዊ ቦዲ ያለበትን ሰው ሰውነቱን ድርቅ አድርጎ ለሞት ሊያደርስ ይችላል፤ በሌሎቹም የስትሮክ አደጋን ይጨምራል። መጀመሪያ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መያዝ እንዳለ ይታይ። ጠበሉም ዱአውም ይቀጥል፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

6. ቤት ውስጥ

«ነገርኩዎት እኮ!» አትበሉ፤ ባዶ ክርክር ነው። እናታቸውን ከጠየቁ ሞተዋል ብሎ በየቀኑ ከማርዳት ስለ እናታቸው ማጫወት ይሻላል። ምግብ፣ ሶላት ወይም ጸሎት፣ እንቅልፍ ሰዓታቸው አይዛባ። ቡና ከሚያፈሉበት አታግዷቸው፤ እሳቱን ሌላ ሰው ይያዝና ስኒውን እሳቸው ያቅርቡ። ወደ መጸዳጃ በሚወስደው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑር፣ ጉድጓዱ ይከደን። ስማቸውና የልጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ይሰፋ፤ ጎረቤትም ብቻቸውን ሲወጡ ካየ እንዲመልሳቸው ይነገረው።