ከደጋ ወደ ቆላ፦ ሰሜን ሸዋን በገበያ ቀን ማየት

የሰሜን ሸዋን ሕዝብ ለማወቅ ቅርስ ከመቁጠር ገበያ መውጣት ይሻላል። መነሻ ደብረ ብርሃንን ያድርጉ፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የየከተማውን የገበያ ቀን እዚያው መናኸሪያ ይጠይቁ፤ ቀኑ ካለፈ ባዶ ሜዳ አይተው ይመለሳሉ። ጋቢም ስስ ልብስም ይያዙ፤ ደጋው ያንቀጠቅጣል፣ ቆላው ያልባል።

40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አንኮበር ይድረሱ፣ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ በማለዳ ይውጡ፤ ጉም ከቀደመዎት ቆላው አይታይም። ከዚያ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ከባሕር ዳርቻና ከሐረር ጨውና ጨርቅ ይዞ የሚያርፍባት ከተማ ነበረች። በዚህ አካባቢ የሚኖሩት አርጎባዎች በሽመናና በንግድ የታወቁ ሙስሊሞች ናቸው፤ አርጎብኛ ከአማርኛ ጋር የሚዛመድ የራሱ ቋንቋ እንጂ «የተበላሸ አማርኛ» አይደለም። ይህን ስህተት ደፍሮ የሚናገር እንግዳ ወዲያው ወሬው ይደርቅበታል።

ለስጦታ ቡናና ስኳር ይውሰዱ፤ ሥጋ ግን አይውሰዱ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን እርድ ነው የሚበላው። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ።

መንዝ ከሄዱ ከበግ ሱፍ የሚሠሩትን ባና (ወፍራም ብርድ ልብስ) እና በርኖስ (ካባ) ይመልከቱ፤ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። በሙቅ ውኃ አይጠቡት፣ ይኮማተራል።

እሑድን ለሰንበቴ ከተማ ገበያ ያቆዩት። ከዞኑ ወሰን ጥቂት አለፍ ብሎ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት ገበያ ነው።